«የተመሳሰለውን ሰርዝ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዳማ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ወላጆችና አስጠኚዎች በሚጠቀሙባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ የአልጀብራ ክፍልፋዮችን ስለማቃለል የሚናገር አንድ ጽሑፍ በሰፊው ሲሰራጭ ቆይቷል። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለተማሪ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውም ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ እኔም በዚሁ ከተማ ሂሳብ የማስጠና እንደመሆኔ፣ ምክራቸውን ተከትለው የተሠሩ መልሶች በተማሪዎች ደብተር ላይ መታየት ስለጀመሩ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንስቶ መመለስ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ከላይና ከታች የሚመሳሰለውን መሰረዝ በቂ ስለሆነ ፋክተር ማድረግ (በተባዢዎች መልክ መጻፍ) አያስፈልግም ይላሉ፤ ለዚህም (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) የሚለውን በምሳሌነት አቅርበው፣ ቀ² በቀ ሲካፈል ቀ፣ 9 በ3 ሲካፈል 3፣ የመቀነስ ምልክት በመቀነስ ምልክት ሲካፈል ደግሞ መደመር ስለሚሆን መልሱ ቀ + 3 ነው ብለው በአንድ መስመር ይጨርሳሉ። ሁለተኛ፣ እንደ (5 − ቀ)/(ቀ − 5) ያሉ ክፍልፋዮች ላዕላቸውና ታህታቸው (ከመስመሩ በላይና በታች ያሉት) ቦታ ከመለዋወጥ በቀር አንድ ስለሆነ መልሳቸው 1 ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ በመሆኑ በቀ ቦታ ዜሮ አስገብቶ የሚስማማውን ፊደል ማጥቆር ከሁሉም መንገድ እንደሚፈጥን ይመክራሉ። አራተኛ፣ ከማቃለል በኋላ «ቀ ከ3 የተለየ ሲሆን» ብሎ መጻፍን መምህራን ያለ ፋይዳ የሚያበዙት ጥቃቅን ነገር አድርገው ይቆጥሩታል። በመጨረሻም ስልክ በቅጽበት የሚሠራውንና ከትምህርት ቤት ውጭ ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ለሳምንታት ማስተማር ብክነት ነው በማለት ይደመድማሉ።

ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ስለሆነ እርሱን ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። የጸሐፊው ምሳሌ መልሱ ትክክል ነው፤ ቀ 3 እስካልሆነ ድረስ (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) ከቀ + 3 ጋር እኩል ነው። ስህተቱ ያለው መልሱ ላይ ሳይሆን ወደ መልሱ የተደረሰበት መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱንም ለመፈተን አንድ እርምጃ ራቅ ማለት ይበቃል። (ቀ³ − 27)/(ቀ − 3) የሚለውን እንውሰድ። በጸሐፊው ዘዴ ቀ³ በቀ ሲካፈል ቀ²፣ 27 በ3 ሲካፈል 9፣ ምልክቱም መደመር ስለሚሆን መልሱ ቀ² + 9 ይባላል። አሁን በቀ ቦታ 1 እናስገባ። ላዕሉ −26፣ ታህቱ −2 ስለሚሆን የክፍልፋዩ ዋጋ 13 ነው፤ ቀ² + 9 ግን 10 ይሰጠናል። የ3 ልዩነት የመጣው ከየት ነው? ቀ³ − 27 በፋክተር ሲጻፍ (ቀ − 3)(ቀ² + 3ቀ + 9) ነው፤ መሃል ላይ ያለው 3ቀ በአቋራጩ መንገድ ሳይታይ ቀርቷል። ወደ ታች ወርደን (ቀ² + 9)/(ቀ + 3) የሚለውንም ብንሞክር ያው ነው፤ ዘዴው ቀ + 3 ይለናል፣ በቀ ቦታ 1 ስናስገባ ግን ክፍልፋዩ 2.5፣ ቀ + 3 ደግሞ 4 ይሆናል። እንዲያውም ይህ ክፍልፋይ ጨርሶ የሚቃለል አይደለም።

ታዲያ የጸሐፊው ምሳሌ ለምን ሠራ? (ቀ − 3)(ቀ + 3) ሲባዛ መሃል ላይ 3ቀ እና −3ቀ ይወጣሉ፤ እነርሱም ተደምረው ዜሮ ስለሚሆኑ በመጨረሻው ውጤት ላይ አይታዩም። አቋራጩ ሁልጊዜ የመሃሉን ተደማሪዎች ይረሳል፤ እዚህ ላይ ግን የረሳው ነገር ዋጋው ዜሮ ስለነበረ አልተጋለጠም። ለተማሪ ከተሳሳተ መልስ ይልቅ በተሳሳተ መንገድ የተገኘ ትክክለኛ መልስ የበለጠ ይጎዳዋል፣ ምክንያቱም የተሳሳተው መልስ በቀይ እስክሪብቶ ይታረማል፣ ይህኛው ግን የትክክል ምልክት ተሰጥቶት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ያልፋል።

በቁጥሮች ዓለምም ይኸው ነገር አለ። 16/64 ላይ ሁለቱን 6 ሰርዘን 1/4 ብንል መልሱ ትክክል ነው። 19/95 ላይ 9ን ሰርዘን 1/5፣ 26/65 ላይ 6ን ሰርዘን 2/5፣ 49/98 ላይ 9ን ሰርዘን 4/8 ብንልም ትክክል ነው። ላዕላቸው ከታህታቸው የሚያንስ ባለ ሁለት አኃዝ ክፍልፋዮች ውስጥ፣ እንደ 10/20 ያሉትን መጨረሻቸው ዜሮ የሆኑትን ትተን፣ የላዕሉን የመጨረሻ አኃዝ ከታህቱ የመጀመሪያ አኃዝ ጋር መሰረዝ የሚሠራው በእነዚህ አራቱ ላይ ብቻ ነው። 13/34 ላይ 3ን ሰርዞ 1/4 የሚል ተማሪ ማንም አያጸድቅለትም። አራት ጊዜ መሥራቱ ዘዴ አያደርገውም፤ በአልጀብራም ከዚህ የተለየ ፍርድ ሊኖር አይገባም።

ለመሆኑ ስንሰርዝ የምናደርገው ምንድን ነው? ላዕሉን በሙሉና ታህቱን በሙሉ ዜሮ ባልሆነ በአንድ ነገር እያካፈልን ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ላዕሉና ታህቱ በማባዛት የተያያዙ ከሆኑ አንዱን ተባዢ ማንሳት ሙሉውን ማካፈል ነው። በመደመር ወይም በመቀነስ የተያያዙ ከሆነ ግን ከአንዱ ተደማሪ ላይ ብቻ ማንሳት ሌላውን ሳያካፍሉ መተው ይሆናል። ሦስት ጓደኛሞች በጋራ በ300 ብር መጽሐፍ ገዝተው፣ ለአስጠኚ ደግሞ ቀ ብር ቢከፍሉ የእያንዳንዳቸው ድርሻ (300 + ቀ)/3 ነው። 300ን ብቻ ለ3 አካፍሎ 100 + ቀ የሚል ሰው ለመጽሐፉ ሲሶውን፣ ለአስጠኚው ግን ሙሉውን ሒሳብ ከእያንዳንዱ ልጅ ይሰበስባል፤ አስጠኚው ደስ ሊለው ይችላል፣ ሒሳቡ ግን አልተሠራም። ፋክተር ማድረግ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ በመደመር የተያያዘውን ወደ ማባዛት ቀይሮ በምን ማካፈል እንደምንችል እንዲታይ ያደርጋል።

ለጸሐፊው የምሰጣቸው እውነት አለ። ክፍልፋዩ አስቀድሞ በማባዛት ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ 12ቀ³ለ/18ቀለ² ሲሆን፣ የሚመሳሰለውን በቀጥታ ሰርዞ 2ቀ²/3ለ ማለት ትክክል ነው፤ ይህን ለማድረግ ገጽ ሙሉ እርምጃ የሚያስጽፍ መምህር ካለ የጸሐፊው ቅሬታ ተገቢ ነው። ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ግን ለእርሳቸው ክርክር የሚጠቅመውን ደግሞ እኔ ልጨምርላቸው፤ ፋክተር ማድረግ የጋራውን አካፋይ ለማግኘት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ የነበረው የኤውክሊድ ዘዴ ምንም ፋክተር ሳያደርግ ያገኘዋል። 1081/1219ን ለማቃለል የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ወደ ተባዢዎች መበተን አይጠበቅበትም፤ 1219ን ለ1081 ሲያካፍል ቀሪው 138፣ 1081ን ለ138 ሲያካፍል ቀሪው 115፣ 138ን ለ115 ሲያካፍል ቀሪው 23 ይሆናል፤ 115ም ለ23 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ የጋራው አካፋይ 23 ነው፤ ክፍልፋዩም 47/53 ይሆናል።

እንደ ቀ³ + 2ቀ² − 5ቀ − 6 ላለ ፖሊኖሚያልም ያው ነው። (ቀ³ + 2ቀ² − 5ቀ − 6)/(ቀ² + 3ቀ − 10) የሚለውን ላዕል ለታህቱ ብናካፍል ድርሻው ቀ − 1፣ ቀሪው ደግሞ 8ቀ − 16፣ ማለትም 8(ቀ − 2) ይሆናል። ታህቱ ለቀ − 2 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የጋራው ፋክተር ቀ − 2 ነው፤ ሁለቱንም ለእርሱ አካፍለን (ቀ + 1)(ቀ + 3)/(ቀ + 5) ላይ እንደርሳለን። ላዕሉን በግምት ለመበተን ሲታገል ለሚውል ተማሪ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው። ይሁንና እዚህም ቢሆን የሰረዝነው ከላይም ከታችም ሙሉውን የሚያካፍል ነገር እንጂ በዓይን የተመሳሰለ ነገር አይደለም፤ ላዕሉም ታህቱም ላይ በተጻፉበት መልክ ቀ − 2 የሚል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ቃል አይሻም። (5 + ቀ)/(ቀ + 5) በእርግጥ 1 ነው፣ መደመር ቅደም ተከተል አይመርጥምና። መቀነስ ግን ይመርጣል። በቀ ቦታ 6 ብናስገባ (5 − ቀ)/(ቀ − 5) የሚለው −1/1 ይሆናል፤ 5 − ቀ ማለት −1(ቀ − 5) ስለሆነ ቀ 5 እስካልሆነ ድረስ መልሱ ምንጊዜም −1 ነው። ምልክት የጠፋበት መልስ ከምርጫዎቹ መካከል ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ፈተና የወሰደ ሁሉ ያውቃል።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ቁጥር አስገብቶ ማረጋገጥ መልካም ልማድ ነው፤ እኔም ከላይ ጸሐፊውን የተከራከርኩት በእርሱ ነው። ነገር ግን ቁጥር ማስገባት ስህተትን ያጋልጣል እንጂ ትክክልን አያረጋግጥም። ቢያንስ አንድ ቁጥር ካልተስማማ መልሱ ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል፤ አንድ ቁጥር መስማማቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። ጸሐፊው የመረጡት ቁጥር ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ዜሮ ቀ ያለበትን ተደማሪ ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ በቀ ላይ የተሠራ ስህተት ዜሮ ሲገባ አይታይም።

ይህን በአንድ ጥያቄ ላሳይ። (ቀ² − ቀ − 6)/(ቀ² − 9) ሲቃለል የትኛውን ይሰጣል? ምርጫዎቹ ሀ. (ቀ + 6)/9፣ ለ. (ቀ + 2)/(ቀ + 3)፣ ሐ. 2/3፣ መ. (ቀ − 2)/(ቀ − 3) ናቸው እንበል። በቀ ቦታ ዜሮ ሲገባ ዋናው ክፍልፋይ −6/−9፣ ማለትም 2/3 ይሆናል። ሀ 6/9፣ ለ 2/3፣ ሐ 2/3፣ መ ደግሞ −2/−3 ይሰጣል። አራቱም 2/3 ናቸው! ዜሮ ያስገባው ተማሪ ጊዜውን ጨርሶ ከመነሻው አልተንቀሳቀሰም። ከምርጫዎቹ መካከል ሀ ራሱ ከየት እንደመጣ ልብ ይሏል፤ «የተመሳሰለውን ሰርዝ» በሚለው መመሪያ ቀ²ን ከላይና ከታች ሰርዞ (−ቀ − 6)/(−9) ላይ የደረሰ ተማሪ የሚያገኘው መልስ ነው። የጸሐፊው አንደኛ ምክር ስህተቱን ይሠራል፣ ሦስተኛው ምክራቸው ደግሞ ያጸድቀዋል።

ምናልባት ዜሮን ትተን ሌላ ቁጥር እንምረጥ ሊባል ይችላል። 1 ቢገባ ዋናው −6/−8፣ ማለትም 3/4 ይሆናል፤ ሀ 7/9፣ ለ 3/4፣ ሐ 2/3፣ መ 1/2 ስለሚሆኑ ለ ብቻ ይተርፋል። ይህ ጥሩ ነው፣ እንደ ማጣሪያም እቀበለዋለሁ። ዕድሉ ሆኖ 3ን ያስገባ ተማሪ ግን 0/0 ያገኝና ግራ ይጋባል። በአንጻሩ ላዕሉን (ቀ − 3)(ቀ + 2)፣ ታህቱን (ቀ − 3)(ቀ + 3) ብሎ የጻፈ ተማሪ ሁለት መስመር ሳይሞላ (ቀ + 2)/(ቀ + 3) ላይ ይደርሳል፤ አራት ምርጫዎችን አንድ በአንድ ከማስላትም ይህ ይፈጥናል።

በዚሁ 3 በኩል ወደ አራተኛው ነጥብ እንገባለን። ጸሐፊው «ቀ ከ3 የተለየ ሲሆን» የሚለውን ማስታወሻ ጥቃቅን ነገር ሲሉት በአንድ መልኩ አልፈርድባቸውም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚሰጠው ከፍተኛ አልጀብራ እንዲህ ያሉ ክፍልፋዮች ቁጥር የሚገባባቸው ፈንክሽኖች ሳይሆኑ በራሳቸው የቆሙ ነገሮች ተደርገው ስለሚወሰዱ፣ (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) እና ቀ + 3 ያለ ምንም ማስታወሻ አንድ ናቸው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ክፍልፋዩን የሚጠቀምበት ቁጥር ሊያስገባበት፣ ግራፍ ሊሥልበትና ኢኩዌሽን ሊፈታበት ነው። (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) = 6 የሚለውን ኢኩዌሽን ያለ ማስታወሻው የሚፈታ ተማሪ ቀ + 3 = 6፣ ስለዚህ ቀ = 3 ይላል። 3ን መልሶ ሲያስገባው ግን ላዕሉም ታህቱም ዜሮ ይሆናሉ። ኢኩዌሽኑ መልስ የለውም፤ ጥቃቅኑን ማስታወሻ በመጻፍና ባለመጻፍ መካከል ያለው ልዩነት የጥያቄው ሙሉ ነጥብ ነው።

በሂሳብ ታሪክ ውስጥ ይህ ጥቃቅን የሚባል አልነበረም። ኒውተን የለውጥን ፍጥነት ሲያሰላ በዛሬው አጻጻፋችን ((ቀ + ሸ)² − ቀ²)/ሸ የሚመስል ክፍልፋይ ይዞ ይነሳል፤ ላዕሉ ሲዘረዘርና ፋክተር ሲደረግ ሸ(2ቀ + ሸ) ይሆናል፣ ሸ ይሰረዝና 2ቀ + ሸ ይቀራል፤ ከዚያም ሸ ዜሮ ነው ተብሎ 2ቀ ይገኛል። የአየርላንዱ ፈላስፋና ጳጳስ ጆርጅ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1734 ያነሡት ተቃውሞ ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ስትሰርዙ ሸ ዜሮ አይደለም ብላችሁ ነው፣ ከሰረዛችሁ በኋላ ዜሮ ነው ትላላችሁ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት ትይዛላችሁ የሚል ነበር። የሂሳብ ሊቃውንት ለዚህ አጥጋቢ መልስ ያገኙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮሺና ቫየርሽትራስ የሊሚትን፣ ማለትም ቀ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ ክፍልፋዩ የሚጠጋውን ዋጋ፣ ትርጉም በጥራት ካስቀመጡት በኋላ ነው። በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ቀ ወደ 3 ሲጠጋ (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) ወደ 6 ይጠጋል ስንል፣ 3 ላይ ግን ዋጋ የለውም ስንል፣ የምንናገረው የዚያን ክርክር ውጤት ነው። በ11ኛ ክፍል «ቀ ከ3 የተለየ ሲሆን» ብሎ መጻፍ ያልለመደ ተማሪ በ12ኛ ክፍል ሊሚት ለምን እንዳስፈለገ ሊገባው አይችልም፤ ለእርሱ ቀ + 3 ላይ 3 አስገብቶ 6 ማለት ነውና ሊሚት የሚባለው ነገር ትርፍ ቃል ይሆንበታል።

ስልክን በተመለከተ፣ እንደ ፎቶማዝ ያሉ መተግበሪያዎች ክፍልፋይ አቃልለው፣ እርምጃውንም ጭምር እንደሚያሳዩ እውነት ነው፤ ቤት ውስጥ መልስ ለማመሳከር ተማሪዎቼ እንዲጠቀሙባቸው እፈቅዳለሁ። ወደ ብሔራዊ ፈተና አዳራሽ ስልክ እንደማይገባ ጸሐፊውም ያውቃሉ፣ በዚያ ላይ አልዘገይም። ከዚያ የሚበልጠው ነገር ስልኩ የሚያሰላው የጻፍንለትን እንጂ ያሰብነውን አለመሆኑ ነው። የክፍልፋይ መስመር የቅንፍን ሥራ ይሠራል፤ ከላይ ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ይይዛል። 6 + 12 ለ6 ሲካፈል ብሎ ያሰበ ተማሪ ያለ ቅንፍ 6 + 12/6 ብሎ ቢጽፍ ስልኩ 8 ይለዋል፤ ያሰበው ግን 3 ነበር። ይህን ስህተት የሚሠራው ደግሞ የላዕሉን አንድ ተደማሪ ብቻ ለይቶ መሰረዝ የለመደው ተማሪ ነው፣ ሁለቱም ስህተቶች የሚመነጩት መስመሩ ምን እንደሚይዝ ካለማወቅ ነውና።

«ከትምህርት ቤት ውጭ ማንም አይጠቀምበትም» ለሚለው የከተማችንን መንገድ ላንሳ። አንድ ሾፌር ከአዳማ አዲስ አበባ በሰዓት ሀ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ በሰዓት ለ ኪሎ ሜትር ቢመለስ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? የአንዱን ጉዞ ርቀት ር ብንለው፣ ጠቅላላ ርቀቱ 2ር፣ ጠቅላላ ጊዜው ር/ሀ + ር/ለ፣ ማለትም ር(ሀ + ለ)/(ሀለ) ነው። ርቀቱን ለጊዜው ስናካፍል 2ርሀለ/(ር(ሀ + ለ)) እናገኛለን። ር ከላይም ከታችም ሙሉውን የሚያባዛ ስለሆነ ይሰረዝና 2ሀለ/(ሀ + ለ) ይቀራል። ከስሌቱ ውስጥ ርቀቱ መጥፋቱ ራሱ ዜና ነው፤ ሾፌሩ አዲስ አበባ ሄደ፣ ሐዋሳ ሄደ፣ ፍጥነቶቹ እስካልተለወጡ ድረስ አማካዩ አንድ ነው፤ ይህንንም የነገረን ፋክተር አድርጎ መሰረዝ ነው። ሲሄድ 100፣ ሲመለስ 60 ከሆነ አማካዩ 12000/160፣ ማለትም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ነው እንጂ ብዙ ሰው በግምት እንደሚለው 80 አይደለም፤ በዝግታ በሄደበት ፍጥነት መንገድ ላይ የቆየው ጊዜ ይበልጣልና። እዚህ ላይ የጸሐፊውን መመሪያ የሚከተል ሰው ግን ገና አልጨረሰም። 2ሀለ/(ሀ + ለ) ላይ ሀ ከላይም ከታችም ይታያል፤ ይሰርዘዋል፣ 2ለ/ለ ይቀርለታል። ለም እንዲሁ ተመሳስሏል፤ ይሰርዘዋል። መልሱ 2 ነው፤ ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ደርሶ መልሱን በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው፣ በእግሩ የወጣ ሰው እንኳ ይቀድመዋል።